ሁለት ካሜራ፣ አንድ ፊት

«ይቺ ወፍራሟ ካሜራ የሰው ፊት ላይ ዋጋ የላትም!» አለች ጭምቷ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጋ እያስቀመጠች። «እማዬን እዪልኝ እስቲ። እርድ የተቀባች አስመሰለቻት እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ነው» አለቻት ጓደኛዋ። ይህችን ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ ሬዲዮ ይላታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ። ጭምቷንም ጭምቷ ያሏት ወዳ አይደለም፤ ከሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዝም ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የፎቶ ክበቡ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ክበቡ የመጀመሪያውን ካሜራ ሊገዛ ነው፤ እንደ ስልክ ያለ ሳይሆን፣ ሌንሱ እየተፈታ የሚቀየር፣ ሲጫኑት ውስጡ ያለው መስታወት ቀጭ የሚል እውነተኛ ዲኤስኤልአር። የካሜራ ሱቁ ባለቤት ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት ካሜራዎች ለሳምንት አውሷቸው «ሞክሯቸውና የተሻለችውን ውሰዱ» ብሏል። የክበቡ ቲቸር ደግሞ ሙከራውን ለሁለቱ ልጆች ሰጥቶ፣ ሰኞ ለክበቡ አባላት እንዲያስረዱ አዟቸዋል። የካሜራዎቹ ስም የፊደልና የቁጥር ጋጋታ ስለሆነባት ሬዲዮ በመጀመሪያው ቀን ራሷ ስም አወጣችላቸው፤ ወፍራሟና ቀጭኗ።

ኳስ ሜዳ ላይ ወፍራሟ ጉድ አሳይታለች። ጣት ከላይዋ ካልተነሳ በስተቀር በተከታታይ ታነሳለች። በረኛው ሲዘል፣ አየር ላይ ሲንጋደድ፣ ኳሷ ከጣቶቹ ሾልካ ስታልፍ፣ ከዚያ በደረቱ ተዘርግቶ አፈር ሲቅም፣ አንዱም አላመለጣትም። ቀጭኗ ግን በረኛው ሊነሳ ሲል አንዴ፣ ወድቆ ሱሪውን ሲያራግፍ አንዴ አንስታ ቁጭ አለች። የሰው ፊት ላይ ሲመጣ ተራው የቀጭኗ ሆነ። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ብትውል አትከብድም፤ ፊት ስታነሳ ለስለስ፣ ሞቅ ታደርገዋለች። «ቀጭኗ ሰው ማቆላመጥ ታውቅበታለች» አለች ሬዲዮ።

የቀረው ጨለምለም ያለ ቤት ውስጥ ያለው ሙከራ ነበር። ለዚህ ከጭምቷ ቤት የተሻለ ከየት ይመጣል? እናቷ ከጥቂት ወራት ወዲህ «ነጩ መብራት ዓይኔን ይወጋኛል» ብላ የቤቱን አምፖሎች በሙሉ በቢጫ ቀይራለች፤ መጋረጃውንም ቀን ቀን አትከፍተውም። ትናንት ሬዲዮና የጭምቷ እናት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና ጭምቷ በሁለቱም ካሜራ አነሳቻቸው። እናቷ የቀጭኗን ፎቶ እዚያው ካሜራው ላይ አይታ «ውይ፣ ሙሽራ አስመሰለችኝ!» ብላ ወዳዋለች። የወፍራሟን ሳታይ ነበር ወደ መኝታ ቤት የገባችው።

አሁን ሁለቱ ፎቶዎች ስክሪኑ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። በቀጭኗ ፎቶ ሁሉም ነገር ወርቅማ ነው፤ ግድግዳው፣ ሶፋው፣ ሬዲዮ፣ የጭምቷ እናትም። ወፍራሟ ግን የአምፖሉን ቢጫ አጥባ ጥላዋለች። ግድግዳው ነጭ ነው። ሬዲዮም ራሷን ሆናለች፣ ከነብጉሯ። ቢጫ ሆና የቀረችው እናቷ ብቻ ናት።

«ቀለም ላይ ፋራ ናት በቃ» አለች ጭምቷ።

«ይስተካከላል እኮ። ቲቸር ያሳየን ምን ነበር? ነጩን ማስተካከያ፣ አዎ እሱን፣ ወደ ግራ ሳቢው።»

ጭምቷ ሳበችው። ቢጫው ከእናቷ ጉንጭ ላይ ጥቂት በጥቂት ለቀቀ። የምታውቀው ጠይም ፊት ብቅ አለ።

«በቃ! አየሽ?»

«አየሁ አቦ! እኔን ግን ሬሳ አደረግሽኝ!» ሬዲዮ ከት ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። እናቲቱ ሰው ስትመስል ሬዲዮ ሰማያዊ ሆናለች፤ ግድግዳውም ከእሷ ጋር። ጭምቷ ማስተካከያውን ወደነበረበት መለሰችው። ሬዲዮ ሰው ሆነች፣ ግድግዳው ነጣ፣ እናቷ ወየበች። ደግማ ሳበችው፤ ደግማ መለሰችው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ጤነኛ ማድረግ አልተቻለም።

ሬዲዮ መሳቋን መቼ እንዳቆመች ጭምቷ አላስተዋለችም።

«ዓይናቸውን አጉዪው እስቲ» አለች ሬዲዮ ቀስ ብላ።

አጎላችው። የእናቷ የዓይን ነጭ ነጭ አልነበረም። እዚያው አጠገቧ የሬዲዮ ዓይን ወረቀት መስሏል። አንድ ካሜራ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሶፋ። ጭምቷ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኖቿ መሃል ቀበረችው።

«የወፍ በሽታ ይሆናል» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። «አጎቴን ይዞት ነበር። ድኗል እኮ።» ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ፣ ካሜራዎቹ ቦርሳ እስኪገቡ፣ በሩ እስኪቆለፍ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጭምቷን ይበልጥ ያስፈራት ይህ ዝምታ ነው።

በየቀኑ የሚያዩት ሰው ሲቀንስ አይታይም። ወደ ቤት ስትሄድ ጭምቷ በየመንገዱ እየቆመች የነበረውን ሁሉ መለቃቀም ጀመረች። ሳይነካ የሚመለሰው ሳህን። ትከሻ ላይ አልቆም ያለው ቀሚስ። «ትንኝ ነው» እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ የሚታከከው ክንድ። እናቷ በሆቴል የልብስ ክፍል አንሶላ ተኳሽ ናት፤ ሰሞኑን ቤት የዋለችው «የዓመት ፈቃዴን ሰጥተውኝ» ብላ ነው። ጭምቷም አምናለች፤ እንዲያውም እናቴ አረፈች ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። በእነሱ ቤት ብቅል አላስፈለገም፤ ከሱቅ የተዋሱት ዕቃ አወጣው።

ስትገባ እናቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ጭምቷ ቦርሳውን ሳታወርድ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ከፈተችው።

«ኧረ ዓይኔን! ዝጊው፣ የኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ ወደዚህ ዙሪ።»

እናቷ ዓይኗን በክንዷ ጋረደች። ከዚያ ዞረች። የቀኑ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ፤ ወፍራሟ ምንም አልጨመረችም ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«ካሜራው።»

«ጉድ እኮ ነው» አለች እናቷ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ጎረቤት አላየ፣ አለቃዬ አላየ፣ አንድ ዕቃ አየኝ።»

«የወፍ በሽታ ነው፣ አይደል? ይድናል፣ አይደል?»

«የወፍ በሽታማ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የኔ እናት።» እናቷ ተነስታ ተቀመጠችና የሶፋውን ልብስ በመዳፏ ታስተካክል ጀመር፤ አንሶላ ፊቷ የተዘረጋ ይመስል። «ጉበቴ ላይ ነው። እኔ ሐኪም ቤት ስሄድ እሱ ቀድሞኝ ተሰራጭቷል።»

«መድኃኒትስ?»

«ለሕመሙ ሰጥተውኛል።»

«ለበሽታውስ?»

እናቷ የሶፋውን ልብስ ማለስለስ አላቆመችም።

ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነበር። ጭምቷ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል በድንጋይ ማለት አማራት። «አምፖሉን የቀየርሽው ለዚህ ነው? እኔን ለማታለል?»

«ፈተናሽ እስኪያልቅ ብዬ ነው። ስንት ዓመት ነጭ ስተኩስ ኖሬ የትኛው መብራት ምን እንደሚደብቅ ይጠፋኛል? ፈተናሽ ይለቅ፣ ከዚያ ልነግርሽ ነበር።»

«አባዬስ?»

አባቷ ሩቅ አገር የመንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል። ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ የለም። እሁድ እሁድ፣ ሥራ ሲዘጋ፣ ካምፑ አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ ይወጣል። ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማል፤ ቪዲዮ የማይታሰብ ነው፤ ፎቶ ግን እየተንፏቀቀ ይደርሳል። ስለዚህ ጭምቷ በየሳምንቱ የእናቷን ፎቶ ትልክለታለች። እስከ ዛሬ የላከችው ሁሉ በዚያ ቢጫ አምፖል ሥር በስልክ የተነሳ ነው።

«አባትሽ ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» አለች እናቷ። «ከመጣ ኮንትራቱ ይፈርሳል። ደግሞ መጥቶ ምን ያደርግልኛል? ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር?»

«ይይሽ!»

«እንዲህ ሆኜ? አይሆንም። እኔን ሲያስብ ደህና ሆኜ ያስበኝ። ነገ ያቺን የቀጭኗን ላኪለት፣ ሙሽራ የመሰልኩባትን። ቃል ግቢልኝ።» እጇን ይዛ ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። መዳፏ ትኩስ ነበር። «ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ቃል ግቢልኝ፣ የኔ እናት።»

እናት እንዲህ ስትለምን እምቢ የሚል አንደበት የታለ? «እሺ» አለች ጭምቷ። ሁለቱም አላለቀሱም። ብታለቅስ እናቷ ልታባብላት ነው፤ እናቷ ደግሞ ለማባበል የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።

ማምሻውን ከሬዲዮ መልእክት ገባ፤ «የሰኞውን ልጻፈው? ወፍራሟ ለፊት አትሆንም ልበል?»

«እሱን አትበይ» ብላ ጻፈች ጭምቷ።

«እሺ።»

ከሬዲዮ እንዲህ ያለ አጭር መልስ መጥቶ አያውቅም።

እሁድ ረፋድ ላይ እናቷ ጥቂት ውሃ ጠጥታ ተመልሳ ተኛች። ጭምቷ ሁለቱን ፎቶዎች ከካሜራዎቹ ወደ ስልኳ አዛውራ መኝታ ቤቱ በር ላይ መሬት ቁጭ ብላ ጠበቀች። የሳይንስ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ አንድ መስመር አላነበበችም። ስልኩ ላይ የአባቷ መልእክት ገባ።

«ኮረብታው ላይ ነኝ። ንፋሱ ሊወስደኝ ነው። የታለች ሚስቴ? ቶሎ ላኪልኝ እንጂ!»

የቀጭኗን ፎቶ መረጠች። አባቷ ሲያየው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ይስቃል፤ ይመልሳል፤ ከኮረብታው ወርዶ ለሥራ ባልደረቦቹ ያሳያል። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ወርቅማ ፎቶ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እሁድ ባልሆነ ቀን፣ ከካምፑ ቢሮ ሰው ይላክበታል፤ አባቷም ኪሱ ሙሉ የሙሽራ ፎቶ ይዞ ለቀብር ይደርሳል።

አሁን ቢመጣስ? እናቷ አትድንም። ኮንትራቱ ይፈርሳል፣ ፈተናው ይበላሻል፣ እናቷ አሁንም አትድንም። ጭምቷ ይህን ገልብጣም ገለባብጣም አየችው፤ ከየትኛውም ጎን ቀዳዳ አልነበረውም። ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ እዚህ ክፍል ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ። ከውስጥ እናቷ ስትታከክ ይሰማታል።

የቀጭኗን ፎቶ ተወችው። የወፍራሟን መረጠችና ምንም ቃል ሳትጨምርበት ላከችው።

«ላክሽለት?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ላክሁለት።»

«የቷን?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ጭምቷ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «የወፍራሟን» አለች።

እናቷ አልጮኸችም። «ቃል ገብተሽልኝ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ጭምቷ ጀርባዋን ልትነካት እጇን ዘርግታ መለሰችው። ምናልባት ይቅር አትላት ይሆናል። ይቅር ለመባባል የሚበቃ ጊዜም አልቀራቸው ይሆናል። ይህን አውቃ ነበር የላከችው፤ ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

ስልኩ ጠራ። መጀመሪያ የተሰማው የኮረብታው ንፋስ ነው፤ ከዚያ የአባቷ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ።

«ሄሎ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ አባዬ።»

«ፎቶው ምን ሆኖ ነው? በአዲሱ ካሜራ ነው ያነሳሻት፣ አይደል? ተበላሽቶባችሁ ነው፣ አይደል?» ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ወይም አምፖሉ ነው። ቢጫ አምፖል አስገባን ብለሽኝ ነበር። አምፖሉ ነው በይኝ እንጂ፣ ልጄ።»

አልጋው ላይ የእናቷ ትከሻ አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሿን ይዛ እያዳመጠች ነው።

«አምፖሉ አይደለም አባዬ» አለች ጭምቷ። «ካሜራውማ ደህና ነው።»