የለቡ ትልና የጀሞ ትል

ዶክተር ገብረ መድኅን በላፍቶው የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ መስታወት ቤቱ ውስጥ በቲማቲም ማሰሮዎች መካከል ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው አካፋ አጠገባቸው ወድቋል። ረዳታቸው ፅጌረዳ ስታለቅስ አነጋች፤ ከሬሳው ይበልጥ ግን ቀና ብላ ማየት ያቃታት የፊጥኝ ታስሮ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ከድርን ነው።

ከድር የለቡ አትክልተኛ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ደምሰው «ትል አይደፍረውም» ብሎ ያደለው ቲማቲም ሥሩ አባብጦ ደረቀበት። ደምሰው በስብሰባ ላይ «አሻጥር ነው!» ሲል ፅጌረዳም ተነስታ «ትሉ የትም አንድ ነው፤ ጥፋቱ የገበሬው ነው» ብላ መሰከረች። ለሆዷ አድራ ነው። ትናንት ከድር ጣቢያው ድረስ መጥቶ ሲጮህ ስለተሰማ ገዳዩ እሱ ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛም ገዳይም ተብሎ የተወሰደ ሰው መመለሻ የለውም።

መርማሪው ሻምበል በንቲ ወለሉን ዞሮ አየ። በግብግቡ የተሰበሩት ማሰሮዎች አፈር ተጠርጎ በሁለት ባልዲ ተቀምጧል። ሁለት መጥረጊያም አለ።

«ሁለት ለምን አስፈለገ?»

«አንዱ የለቡ ትል ላለበት አፈር፣ አንዱ ለጀሞው ነው። ትሎቹ እንዳይደባለቁ ብለን ነው» አለች ፅጌረዳ። «ግን... የለቡ ትል ያለባቸው ተክሎች የሉም።»

«ከድር፣ አንተ ብትሆን እንዴት ትጠርገዋለህ?»

«አፈር አፈር ነው፣ ጌታዬ። ደግሞስ ሰው ገድዬ ቤት ልጠርግ እቆማለሁ?»

በንቲ ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«እኔ መስታወት ቤቱን ከረገጥኩ ሰነበትኩ» አለ ደምሰው። «ለቡ ሄጄም አላውቅ። ትናንት ጀሞ ማሳችን ላይ ነበርኩ።»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ከደምሰው ሱሪ እጥፋት ያባበጠ የሥር ቁራጭ መዘዘ።

«የጀሞ ነዋ! ትሉ የትም አንድ ነው። እሷን ጠይቃት፤ ሕዝብ ፊት የመሰከረች ናት።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ በንቲ፣ ሥሩን ለፅጌረዳ እየሰጠ።

ፅጌረዳ ከእብጠቱ ሴቷን ትል አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። በጀሞዋ ጭራ ዙሪያ ያለው መስመር ክብ ነው፤ የለቡዋ ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል። ይህቺኛዋ ሾጣጣ ናት። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

«የለቡ ናት» አለች። «በአንድ አፈር፣ በአንድ ዓይነት ቲማቲም አራብተናቸዋል። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የዘር ነው። የጀሞው ያንን ቲማቲም አይነካም፣ የለቡው ይጨርሰዋል። አውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ ዋሽቻለሁ።»

በንቲ ወደ ደምሰው ዞረ። «ዶክተሩ ይህንኑ ሊናገሩ ሲሉ ገደሏቸው። ማስረጃ እንዳይሆን የለቡን ተክል ነቅለው ሰወሩ፤ ቁራጩ ግን ሱሪዎ ላይ ቀረ። የነቀሉበት እንዳይታወቅ አፈሩን ሲጠርጉ ደግሞ ልማድ አሸነፈዎት፣ ለየብቻ ጠረጉት። ይህን የሚያደርግ የጣቢያው ሰው ብቻ ነው። ገዳይዋ ፅጌረዳ ብትሆን ኖሮ አሁን ‹አንድ ነው› ብላ ትገላገል ነበር።»

«ስሜን ሊያጠፋ ነበር» አለ ደምሰው።

ከድር ተፈታ። ፅጌረዳ ጠጋ ብላ «ይቅር በለኝ» አለችው።

ከድር ገመዱ የቆረጠውን ክንዱን እያሻሸ ተመለከታት። «እህቴ፣ ያዋረድሽኝ ልጆቼ ፊት ነው። እሁድ ለቡ ስብሰባ አለ። እዚያ መጥተሽ ንገሪያቸው።»

ፅጌረዳ መሬት መሬት እያየች «እመጣለሁ» አለች።