በጡብ ቤት ላይ የተመሰከረ ሐሰት

ሚስተር ሃርላን ቲግ ከጡቡ ቤት ምሥራቃዊ ግንብ ሥር፣ እርጥብ ሣር ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ከራስጌያቸው ደም የነካው አንድ ጡብ ወድቋል። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው በማርሎ ከተማም ሬሳው ሳይነሣ ፍርድ ተሰጠ፤ አሮጌው ቤት ሰው ገደለ ተባለ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሰኞ እንዲፈርስ አዘዘ።

መርማሪዋ ቴልማ ክራንዳል ስትደርስ ግንበኛው ኦሪን ፕሩት ቆቡን እየጨመደደ ጠበቃት።

«የገደልኋቸው እኔ ነኝ» አላት። «ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን ጡብ በበጋ ያደስኩት እኔ ነኝ።»

«የጎደለ ጡብ መኖሩን ወጥተህ አይተሃል?»

«በምን ዐይኔ ልየው?»

ቴልማ ቀና አለች። በወንዝ ጀልባዎች የከበረ አንድ ባለጠጋ ቤቱን በጣሊያን ቪላዎች አምሳል አሠርቶት ነበር፤ መስኮቶቹ ረጃጅምና ቅስት፣ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ የሰፋ ነው። ከክፈፉ ሥር የተደረደሩት የተቀረጹ እንጨቶች ጥላ ስለሚጥሉ ጉድለቱ ከታች አይለይም። አንዱን ፖሊስ መሰላል ይዞ እንዲወጣ አዘዘችና ቁልፏን አውጥታ የወደቀውን ጡብ ጫረችው። እንደ ደረቀ ዳቦ ረገፈ። ግንቡን ስትጭረው ግን የተፋቀው ቁልፉ ነበር።

ወደ ቤቱ ስትገባ ከውስጥ «ጫማ!» የሚል ድምፅ አስቆማት። የባለጠጋው የልጅ ልጅ፣ የቤቱ ጠባቂ ሚስ ዩኒስ ሃድሰን ናቸው። ኦሪንም ከኋላዋ በጭቃ ጫማው ሲገባ «አንተ ደግሞ ስንቴ ልንገርህ!» አሉት።

«አጎቴ ደጅ ተጋድሞ እሷ ስለ ጫማ!» ሲል የሟች ወንድም ልጅ ዴል ቲግ ከሶፋው ሆኖ አሾፈ። «አይዞሽ ሚስ ዩኒስ፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤቱ ሲያፈርሰው ወለል ከመወልወል ታርፊያለሽ። ሰው የነከሰ ውሻ እንኳ አይታለፍም።»

«አንተ እንባህ ሳይወርድ ቦታውን ለነዳጅ ማደያ የተመኘህ! ዝም በል።»

ዴል ዐይኑን ሰበረ። መመኘቱ እውነት ነበር።

ቴልማ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ሚስተር ቲግ ትናንት ምን ብለው መጡ?»

«የቅርስ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አይደሉ? ግንቡን በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ አስጠርጋለሁ፣ መኪናው ነገ ይመጣል አሉኝ።»

«ቢጠረግ ምን ክፋት አለው?»

«የጡብ ብርታቱ ቆዳው ነው፤ እሳት የሰጠው። ያንን ከገፈፉት ውርጭ ገብቶ ያፈርሰዋል። ለመንኋቸው፤ ሳቁብኝ። ከዚያ ወጡ።»

ቴልማ በካልሲዋ ቤቱን ዞረች። በመመገቢያ ክፍሉ የእሳት ምድጃው ለእድሳት ተከፍቶ፣ ከውስጡ የወጡ ገርጣ ያሉ ጡቦች ሸራ ላይ ተከምረዋል። ከኮሪደሩ ሰማያዊ ምንጣፍ አንዱን ጫፍ ገለጠች፤ ሥሩ ርሶ የሣር ቅጠል ተጣብቆበታል። የሟቹም ኮት ጀርባ ላይ ሰማያዊ ክር አይታ ነበር።

ፖሊሱ ከመሰላል ወርዶ በጆሮዋ ሲነግራት ሁሉንም ወደ ሳሎን ጠራች።

«ኦሪን፣ ቆብህን ተወው። ከክፈፉ ሥር አንድም ጡብ አልጎደለም። የገደለው ጡብ ገርጣ ያለና ለስላሳ ነው። እንዲህ ያለው የት ይገባል?»

«እሳት በቅጡ ያልደረሰው ነው። ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ለዝናብ አይጋለጥም» አለ ኦሪን።

«ስለዚህ የመጣው ከምድጃው ነው፤ ሰውየውም የሞቱት መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። በሰማያዊው ምንጣፍ ላይ ተጎትተው በጎን በር ወጡ። ለምን በምንጣፍ? ወለሉ እንዳይጫር። ዴል ወለሉ ቢነድ ግድ የለውም። ኦሪን በጭቃ ነው የሚረግጠው። ሬሳ እየጎተተ ለወለል የሚሳሳ ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

ሚስ ዩኒስ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሕያው ሰው ራሱን ይከላከላል፤ ግንብ ግን አፍ የለውም» አለች ቴልማ ቀስ ብላ። «ዝም ካሉ ሰኞ ባልሠራው ኃጢአት ይፈርሳል። ኦሪንም እስኪሞት ራሱን ሲከስ ይኖራል።»

አሮጊቷ ኦሪንን አዩት፤ ከዚያም ጣሪያውን።

«ቤቱ አልገደለም» አሉ። «ሲስቁብኝ እጄ ከክምሩ አነሣ። ድንገተኛ አደጋ ነው ይባላል ብዬ እንጂ ቤቱ ይከሰሳል ብዬ አላሰብኩም። ነገሩ እውነት እንዲመስል ከክፈፉ ሥር አንድ ጡብ ልነቅል በመሰላል ወጥቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እምቢ አለኝ። በሰው ላይ የታዘዘኝ እጅ ጡብ ላይ እምቢ አለኝ።»

 ዴል ከሶፋው ተነሣ።

ሚስ ዩኒስ ከፖሊሱ ጋር ሊሄዱ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ካደረጉ በኋላ የተጣመመውን ምንጣፍ ሊያቃኑ ጎንበስ አሉ። ቴልማ «ይተዉት» ስትላቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ኦሪን» አሉ ሳይዞሩ፣ «ያቺን ጡብ ሲመልሱልህ ወደ ውስጥ መልሳት። ውጭ አትሆንም።»

«እሺ፣ ሚስ ዩኒስ» አለ ግንበኛው፤ ጎንበስ ብሎም ጫማውን አወለቀ።