ብርቄ እና በራሪው ፔሊካን

እስቲ ጠጋ በሉ። ይቺ ታሪክ ትንሽ ታስፈራለችና እጃችሁን ስጡኝ።

ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረች። ቤቷ ጣና ሐይቅ ዳር ነው።

ወንድሟ ምናሴ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። እግሩ ከላይ እስከ ታች በነጭ ጄሶ ታስሯል።

ምናሴ ከወፍ ሁሉ ፔሊካን ይወዳል። ያ ትልቁ ነጭ ወፍ፣ መንቁሩ ሥር ከረጢት ያለው!

«ሲበር ማየት አማረኝ!» አለና ምናሴ አለቀሰ።

«አታልቅስ፣ ወንድሜ» አለች ብርቄ። «ሲበር ፎቶ አንስቼ አመጣልሃለሁ።»

እማዬ ካሜራዋን ብርቄ አንገት ላይ አጠለቀችላት። «በሁለት እጅሽ ያዢው እሺ? አደራ፣ ውሃ እንዳይነካው!»

ብርቄን ፍርሃት ፍርሃት አላት።

አጎቷ አያ ደረበ ዓሣ አጥማጅ ነው። ታንኳው የተሠራችው ከደንገል ነው። ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው።

«ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት!» አላት። ብርቄ ገባች። ታንኳዋ ወዝወዝ! ወዝወዝ! አለች።

ብርቄ የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። «አያ ደረበ፣ ብንሰጥምስ?»

«ደንገል አይሰጥም!» አለ አያ ደረበ።

ቸብ! ቸብ! ቀዘፈ። ዳር ላይ የቆመችው እማዬ ትንሽ ሆነች። ከዚያ በጣም ትንሽ ሆነች። ከዚያ ጭራሽ አልታይ አለች።

ድንገት ብርቄን ቀሚሷ ቀዘቀዛት። በእጇ ዳበሰችው። ውይ! ረጥቧል! ውሃ ከሥር እየገባ ነው!

«አያ ደረበ! ውሃ ገባ! ብንሰጥምስ?»

«ደንገል አይሰጥም!»

እናንተ ብትሆኑ ታምኑታላችሁ? እኔ እንጃ! ብርቄም አላመነችውም።

ፔሊካኖቹ ጋ ደረሱ። አያ ደረበ ትንሽ ዓሣ ወረወረ። ጠብ!

ፍፍፍፍ! አንድ ፔሊካን በረረ። «አንሺው! አንሺው!»

የብርቄ እጆች ግን ጠርዙን አንለቅም አሉ። ፔሊካኑ ዓሣውን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

ሌላ ዓሣ ተወረወረ። ጠብ! ፍፍፍፍ! ብርቄ አንድ እጇን ለቀቅ አደረገች። ታንኳዋ ወዝወዝ! ስትል ቶሎ መልሳ ያዘች። ያም ፔሊካን አመለጠ።

«አያ ደረበ፣ አንተ አንሣልኝ!» አለች እያለቀሰች።

«እኔ መቅዘፍ ካቆምኩ ነፋሱ ይወስደናል» አለ አያ ደረበ። «ዓሣውም አንዲት ብቻ ቀረችን።»

አንዲት ብቻ! ብርቄ ጨነቃት። ባዶ እጇን ብትመለስስ? ምናሴ ደግሞ ያለቅሳል።

አያ ደረበ እንባዋን አየ። አንዲት የደንገል ቁራጭ ሰጣት። «በይ ይቺን አስጥሚያት።»

ብርቄ አንድ እጇን አላቀቀች። ደንገሏን ውሃው ውስጥ ደፈቀቻት።

ብቅ! አለች ደንገሏ።

አሁንም ጥልቅ አድርጋ ደፈቀቻት። ብቅ! እንደገና ደፈቀቻት። ብቅ!

«አየሽ? ታንኳችንም እንደሷ ናት። ውሃ ትጠጣለች፣ ያረጥበናል። ዳር ስንደርስ አቁመን ፀሐይ እናሞቃታለን። መስጠም ግን አትችልበትም!»

ብርቄ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ብቻ፣ «ደንገል አይሰጥም» አለች።

ሌላኛውንም እጇን ለቀቀች። ካሜራውን በሁለት እጇ ያዘች።

የመጨረሻዋ ዓሣ ተወረወረች። ጠብ!

ፍፍፍፍ! ፔሊካኑ ተነሳ። ወደ እሷ መጣ! ደግሞ እንዴት ትልቅ ነው! በአናቷ ላይ አለፈ።

ቀጭ!

ማታ ምናሴ ካሜራውን ተቀበለ። ፎቶው ተንጋዷል። አንዱ ክንፍ ተቆርጦ ቀርቷል። የሚታየው ሆድ፣ ሆድ፣ ሆድ ብቻ!

«ባይወደውስ?» ብላ ብርቄ ፈራች።

ምናሴ ፎቶውን አየ። አየና አየና፣ «እዪው ሆዱን!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። «በአናትሽ ላይ ነው እንዴ የበረረው?»

«አዎ። በጣም ፈርቼ ነበር።»

«ግን አነሳሽልኝ» አለ ምናሴ።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። «እኔ ያኛው ክንፍ ነኝ። የተቆረጠው።»

ብርቄ አጠገቡ ጋደም አለች። እሷም እጆቿን ዘረጋች።

ፍፍፍፍ! አሉ ሁለቱም። ፍፍፍ... ፍፍ... ፍ...

እማዬ መጥታ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው።