የሞኬሌ ጫፍ

የሽማግሌው የሴያባታ ሬሳ ከገደሉ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጉሙ የማሎቲን ሸንተረሮች እንደ ከፈን ሸፍኗቸዋል። ኢንስፔክተር ፑሌንግ ከፈረሷ ወርዳ አፋፉ ላይ ወጣች። እርጥቡ ጭቃ ላይ የሁለት ሰዎች ዱካ ጎን ለጎን፣ ሳይጣደፍ፣ እስከ ጠርዙ ደርሷል፤ የተመለሰው የአንዱ ብቻ ነው። ዱካው የላስቲክ ቦት ጫማ ነው፤ ያንን ደግሞ በሰፈሩ ያላጠለቀ የለም።

በካርታ ሥራው ድንኳን የነበሩት ሦስት ናቸው። ካርታ ሠሪው ኮቤላ ከዋና ከተማው ከማሴሩ የመጣው የጫፉን እውነተኛ ስም ከሴያባታ አፍ ሊሰማ ነበር።

«የተራራ ሰንሰለቱን ዙሉዎች የጦር አጥር፣ ቦሮች የዘንዶ ተራራ፣ እኛ ማሎቲ እንለዋለን፤ በዚያ የሞተ የለም» አለ። «በአንዲት ጫፍ ስም ሰው ይገደል?»

«የሞኬሌ ጫፍ ነው! የአያቴ፣ የሞክሼዬ!» ሲሉ አለቃ ሞኬሌ ጮኹ። «ያ የጃጀ ሽማግሌ ግን ስሙን ለወንዝ ማዶዎቹ ሊሰጥብኝ ነበር። በካርታው ላይ ስሙ ከሄደ ግጦሹም ሄደ። ዓይኑ ደክሟልና ጠዋት ክንዴን ብዘረጋለት ‹ገደል ልትከተኝ ነው?› አይለኝ መሰለሽ!»

«እውነት ነው፤ ሰምቻለሁ» አለ ኮቤላ።

ወጥ ሠሪዋ ሊማካትሶ ዓይኗን ከገንፎው አላነሣችም። «እኔ ከቆላ የተቀጠርሁ ነኝ፤ እዚህ ማንንም አላውቅ። ያ... ባለ ቀንዱ ተራራ ሥር ውኃ ስቀዳ ነበር።»

«የትኛው?» አለች ፑሌንግ።

«ከፊታችን ያለው፣ እመቤቴ።»

ፑሌንግ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ዓይኑ የደከመ ሰው በጉም ውስጥ ረጋ ብሎ የሚራመደው የሚያምነውን ክንድ ሲይዝ ነው። ሴያባታ የአለቃን ክንድ ገፍተዋል። ኮቤላን ያወቁት ትናንት ነው። የቀረችው ማንንም አላውቅም ያለችው ናት።»

«ምን ቆርጦኝ!» አለች ሊማካትሶ። «የሰው ግጦሽ ለእኔ ምኔ ነው?»

«ያንን ጫፍ ባለ ቀንዱ፣ ከፊታችን ያለው ትያለሽ እንጂ በስሙ ጠርተሽው አታውቂም። በአገራችን ከስም እንዲህ የምትሸሸው የአማቷን ስም ያለ ፈቃዱ የማትጠራ ምራት ናት። አገር እንደሚያውቀው፣ የአለቃ ልጅ በቆላ ሲያገባ የጥሎሹን ከብት የነዱት ሴያባታ ነበሩ፤ ድምፅሽን ያውቁታል። ግጦሹ ከሄደ ደግሞ የባልሽ ውርስ ይሄዳል።»

«ሐሰት ነው!»

«እንግዲያው የጫፉን ስም ጥሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ። ለባዕድ ምን ይከብዳል?»

ሊማካትሶ አፏን ከፈተች። ድምፅ ግን አልወጣም። ጉሙ በድንኳኑ በር ቀስ ብሎ ገባ።

አለቃ ሞኬሌ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ጥሪው፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ፈቅጄልሻለሁ።»

ፑሌንግ ካቴናውን አወጣች።

«የእርስዎን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፣ አለቃ።»