የአረቄው ፋሻ

«ይህ ልጅ ጠጥቷል እንዴ?»

አሠልጣኝ ዶኔሊ የጠየቀው ቬዳድን ሳይሆን ቤልማን ነበር። ቤልማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሜዳው ዳር የቆመችው ለማስተርጎም ነው። የአክስቷ ልጅ ቬዳድ ከቦስኒያ ወደ ሴንት ሉዊስ ከመጣ ገና ሳምንቱ ሲሆን እንግሊዝኛው ከ«ሰላም» እና ከ«ኳሱን ስጠኝ» አያልፍም። የዶኔሊ የእግር ኳስ ክለብ ለአጥቂነት ሦስት ቀን ሊሞክረው ፈቅዶለታል። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው።

ከአሠልጣኙ ጎን የቡድኑ ወጌሻ ሆሊ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። ሽታውን ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ብዙ መልፋት አላስፈለጋትም፤ ቬዳድ ቱታውን ለብሶ እንደቆመ የሠርግ ቤት ጓዳ ይሸታል።

«ምን ይላል?» አለ ቬዳድ በራሳቸው ቋንቋ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ።

«ጠጥቷል ወይ ነው የሚለው። አረቄ አረቄ ትሸታለህ።»

ፈገግታው ጠፋ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ግራ ጉልበቱ ወረደና ቶሎ ተመለሰ። «ስለ ጉልበቴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ! ቃል ገብተሽልኛል።»

ገብታለታለች። ጣጣው እሱ ነው።

ትናንት ከሰዓት አንድ ቁመተ ሎጋ ተከላካይ ኳሱን ስቶ የቬዳድን ጉልበት አገኘው። ቬዳድ ወዲያው ተነሥቶ ሮጠ፤ ጎልም አገባ፤ ሳያነክስ እስከ መኪናው ሄደ። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ አቃሰተ። ከልምምድ በኋላ ለተጫዋቾች ሁሉ የታደለውን የበረዶ ከረጢት ደግሞ ገና ከሜዳው ሳይወጣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥሎት ነበር።

«በረዶ? መገጣጠሚያ ላይ? በሠላሳ ዓመቴ ከዘራ እንድይዝ ነው?»

የቤልማ አባት ሬፊክ ይህን ሲሰማ በሙሉ ልቡ ደገፈው። ሬፊክ ከባድ መኪና ነጂ ነው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያውቃታል፤ ብርድ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ሰውን ያሽመደምዳል የሚለውን ግን ከመንደሩ ይዞት እንደመጣ አለ። በነሐሴ ሙቀት እንኳ እሱ ባለበት መኪና ሁለት መስኮት ባንድ ጊዜ አይከፈትም፤ ነፋስ ይመታናል ብሎ ይጮሃል። እናም ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ጠርሙስ ከፕለም ፍሬ የወጣ አረቄ አወጣ። በቤቱ የሚጠጣው ሰው የለም፤ ለመድኃኒት የተቀመጠ ነው። ጨርቅ በአረቄው ነክሮ የቬዳድን ጉልበት ጠቀለለ፤ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጠለቀበት።

«ጠዋት እንደ ፈረስ ትጋልባለህ» አለው።

«ባቦ፣ ላበጠ ነገር እኮ በረዶ ነው የሚደረገው» አለች ቤልማ አባቷን። «ትምህርት ቤት ተምረነዋል።»

«ትምህርት ቤትሽ ስንት ጉልበት አድኗል? እኔ በዚች ጠርሙስ የሰፈሩን ግማሽ ከአልጋ አስነሥቻለሁ!»

አባቷ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ቬዳድ ጠጋ አላት። «ነገ ከጠየቁሽ ደህና ነው በያቸው፣ እሺ? ለሙከራ መጥቶ የተጎዳን ልጅ ማን ይፈልገዋል? በነጋታው ነው ወደ አገሬ የሚሸኙኝ።»

ቤልማም እሺ አለች። ወንድም የላትም። ቬዳድ በመጣ ማግስት ጓሮ አውጥቷት ኳስ በአጥሩ ላይ አሻግራ እንዴት እንደምትልክ አስተምሯታል፤ የጎረቤቱ ሰውዬ ኳሱን ሦስቴ ከመለሰ በኋላ አራተኛው ላይ አብሯቸው መጫወት ጀመረ። ክፍሏን ለቃለት ሶፋ ላይ ብትተኛም እዚሁ እንዲቀርላት ትፈልጋለች። እንዲህ የምትፈልገው ነገር ብዙ የላትም።

ጠዋት ሲነሡ ፋሻው አልተፈታም። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ሬፊክ ከልክሎ ነበር።

«ቤልማ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው» አለ አሠልጣኙ።

ቬዳድ በጥድፊያ ማንሾካሾክ ጀመረ። «ስሚ፣ ትናንት ማታ የዘመድ ሠርግ ነበረ በያቸው። አንድ ሁለት መለኪያ ቀመሰ፣ ይቅርታ ይጠይቃል በያቸው። ስቀው ሜዳውን በሩጫ ያዞሩኛል፣ አለቀ!»

በአገሩ ክለብ እንደዚያ ነው። ጠዋት አረቄ የሸተተ ተጫዋች ይሳቅበታል፤ ሜዳውን ይዞራል፤ ላብ በላብ ሲሆን ነገሩ ይረሳል። ያነከሰ ግን ማሊያውን ለሌላ ያስረክባል። ቬዳድ በልጅነቱ ኳስ መምታት ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ የሚያውቀው ሕግ ይኸው ነው።

ቤልማ የምታውቀው ሌላ ነው። እዚህ አገር ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ቢራ እንኳ ቢቀምስ መዘዝ አለው፤ ቬዳድ ደግሞ ገና አሥራ ዘጠኝ ነው። የአሠልጣኙን ፊት አየችው። የሚስቅ ፊት አይደለም። ግን እውነቱን ብትናገርስ? ጉልበቱን አይተው «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» ቢሉትስ? ከዳቦ ቤቱ እስከ ፀጉር ቤቱ ያለው የሰፈሩ ቦስኒያዊ ሁሉ «ልጁን ያስባረረችው የሬፊክ ልጅ ናት» ይላል። ቬዳድማ ዳግመኛ አያናግራትም። ፈራች።

«ይህን አልተረጉምም» አለችው።

«ምን?»

«ሠርግ አልነበረማ። ሌላ ነገር ንገረኝ፣ እተረጉምልሃለሁ። ይሄ ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ? እናቴ እኮ ስልኳን አቅፋ ነው የተቀመጠችው!»

«አውቃለሁ! እዚህ ግን ሜዳ አዙሮ መተው የሚባል ነገር የለም። ጠጣሁ ካልክ ሻንጣህን ነው የምትይዘው። ገባህ?»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ አሠልጣኙ።

ቤልማ ወደ አሠልጣኙ ዞረች። «አንድ ጊዜ ይታገሡን፣ አሠልጣኝ። ምን እንደሚል እያሰበ ነው።» ይህ ቢያንስ ውሸት አልነበረም።

ቬዳድ ወደ ሜዳው ዞረ። ሌሎቹ አጥቂዎች ተራ በተራ ወደ ጎል ይመታሉ። ከዚያ ወደ ቤልማ ዞረ፤ ዓይኑ በንዴት ቀልቷል። እሷም ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም። በመጨረሻ ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና የቱታውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበ።

መጀመሪያ ካልሲው ወጣ። ቀጥሎ ላስቲኩ። ጨርቁ ሲፈታ ሽታው አካባቢውን አወደው፤ ሆሊ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከወዲያ ማዶ አንዱ በረኛ «ድግሱ የት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«እሱ አልጠጣም» አለች ቤልማ። «የጠጣው ጉልበቱ ነው።»

የአሠልጣኙ ከንፈር ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሆሊ ተንበርክካ ጉልበቱን ጫን ጫን አደረገች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ቬዳድ እስትንፋሱን ውጦ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ጅማቱ አልተነካም» አለች። «ግጭቱ ያን ያህል አልጎዳውም፤ ያሳበጠው ሌሊቱን ሙሉ መቀቀሉ ነው። ማን ነው ያሰረለት?»

«አባቴ።»

«አስተሳሰሩ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ግን እንዳያስር።»

«ትናንት ለምን አልነገረኝም?» አለ አሠልጣኙ።

ቤልማ ተረጎመች። ቬዳድ ሣር እየነጨ «ታባርሩኛላችሁ ብዬ» አለ። ይህንንም እንዳለው ተረጎመችው።

አሠልጣኙ የሱፍ ካልሲውን አየ። «ዛሬ በረዶ ይዞ ይቀመጣል። ነገ የሙከራው የመጨረሻ ጨዋታ አለ፤ ጠዋት ሆሊ ታየዋለች። እሷ አይሆንም ካለች አይሆንም።»

ከልምምድ በኋላ ሬፊክ ሊወስዳቸው መጣ። ቬዳድ የኋላ ወንበር ላይ በረዶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያየው ሊያብድ ደረሰ።

«ማን ነው ይሄን ያደረገው? ማነው ልጄን ሽባ ሊያደርግ ያሰበው?»

ቬዳድ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ «ራሴ ነኝ፣ አጎቴ» አለ። ሬፊክ ነፋስ እንኳ እንዳይጨመርበት ብሎ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ፤ እንደዚያ ታፍነው ቤት ደረሱ።

እራት ላይ ቬዳድ ለቤልማ ጨው እንኳ አላቀበላትም። እሷም ምግቡ አልወረደላትም። ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ ግን ከሳሎን የቬዳድን ድምፅ ሰማች።

«ፕሮፌሰሯ! ሌላ በረዶ አለ?»

በረዶ አልቋል። ቤልማ ከፍሪዘሩ አንድ ከረጢት የቀዘቀዘ አተር አውጥታ ሰጠችው። ሬፊክ አየና ራሱን እየነቀነቀ ጠርሙሱን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰ።

በማግሥቱ ጠዋት እብጠቱ ጎድሏል። ሆሊ አውራ ጣቷን ጉልበቱ ጎን ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

ቤልማ ተረጎመች። ቬዳድ ወደ ሜዳው አየ። ሜዳው ላይ ማሊያ እየታደለ ነው። ቤልማ ከንፈሩን አየችው፤ «ምንም» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ቆሟል። ሌላ ቃል አላጎረሰችውም። አላፈጠጠችበትምም። የማስተርጎሙ እንጂ የመናገሩ ፋንታ የእሷ አይደለም።

«ትንሽ» አለ ቬዳድ። «ቀጥ ብዬ ስሮጥ አያመኝም። ስዞር ትንሽ ያመኛል በያት።»

ቤልማ «ትንሽ»ን ሳትጨምርበት፣ ሳትቀንስበት፣ እንዳለ አስተላለፈችው። ሆሊ ሄዳ አሠልጣኙን አናገረችው። እሱም ብቅ አለ።

«ከዕረፍት በኋላ ይገባል። ካመመው እጁን ያንሣ፣ አስወጣዋለሁ።»

ቤልማ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ቬዳድ የታኬታውን ክር እያጠበቀ ነበር።

«ካመመህ እጅህን አንሣ ነው ያለው።»

«ገብቶኛል። እንዲህ አይደል?» እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳያት፤ ሳቀላትም። ከዚያ ተነሥቶ ከተቀያሪዎቹ ጋር ሊያሟሙቅ በሩጫ ሄደ። መስመሩ ጋ ደርሶ ሲዞር ትንሽ አነከሰ። ልክ እንዳለው፣ ትንሽ።