ቀስተ ደመናውን የጠረገችው ልጅ

«ቲቸር እየመጡ ነው፣ አስቀምጪው!» አለች ጓደኛዋ ረጅሟ።

ጽድት ግን ወይ ፍንክች። በእጇ የያዘቻት ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የጣት አሻራ አይታለች፤ አሻራ ካየች ደግሞ እጇ አርፎ አይቀመጥም። የክፍሏ ልጆች ጽድት ያሏት በከንቱ አይደለም። ወንበር ሳትጠርግ አትቀመጥም፤ የተዋሰችውን እስክሪብቶ እንኳ ወልውላ ነው የምትጽፍበት። መስታወቷን እፍ አለችባትና በሹራቧ እጅጌ ፈተግ ፈተግ አደረገቻት።

ከዚያ ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ አየችባት። ክው አለች። ቅድም በመብራቱ ግራና ቀኝ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ጥርት ብለው የተሰለፉት ቀለማት የሉም። በቦታቸው የቀረው ድብልቅልቅ ያለ ብዥታ ብቻ ነው።

ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚበትነው ይህ ዕቃ ግሬቲንግ ይባላል፤ በቤተ ሙከራው ያለው አንድ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ በአንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ያህል መስመር ተጭሮበታል። የፊዚክስ መምህሩ «በጠርዙ ያዙ፣ መሀሉን እንዳትነኩ!» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ጽድት ይህን ሁሉ ሰምታለች። «ከቆሸሸስ?» ብላ መጠየቁን ነው የዘነጋችው።

መምህሩ ገብተው መስታወቷን አነሱ። አዩባት፤ ገለበጡና ደግመው አዩባት።

«ማን ነው ይህን የጠረገው?»

ጽድት እጅጌዋን ከጀርባዋ ደበቀች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ረጅሟ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ማንም አልተጠራጠረም፤ ባለፈው ቴርሞሜትሩን የሰበረችውም እሷው ናት። መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «ለሐሙሱ የተግባር ፈተና ከሌላ ትምህርት ቤት እዋሳለሁ። አንቺ ግን ዕቃ አትነኪም። ቆመሽ ታያለሽ» አሉ።

ቆሞ ማየት ማለት ዜሮ ማለት ነው። ረጅሟ ደግሞ በጽሑፍ ፈተናው ወድቃለች፤ የቀራት ተስፋ የሐሙሱ ብቻ ነበር።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አለቻት ጽድት ከክፍል ሲወጡ።

«ፊትሽን ባየሽው! ራስሽን ስተሽ ልትወድቂ ነበር እኮ። እኔ የለመድኩት ነው፣ አታካብጂ።» ረጅሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወረወረች። «አዲስ የገባሁ ጊዜ ማንም አላናገረኝም ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ ነይ እዚህ ያልሽኝ። ወንበሬን ሁላ ጠርገሽልኛል።»

ጽድት ያን ቀን ረስታው ነበር። 

ቤት ስትደርስ እናቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ቁልፎችና መርፌዎች የምታስቀምጥበት የተቧጨረ አሮጌ ሲዲ አለ። የመስኮቱ ፀሐይ ሲዲው ላይ አርፎ ጣራው ላይ የቀለም ጭረት ሠርቷል። ጽድት ቦርሳዋን ሳታወርድ ፈዛ ቀረች።

«ምነው ልጄ፣ ጣራው አፈሰሰ እንዴ?»

«እማ፣ ሲዲው ግሬቲንግ ነው! በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን መስመሮች አሉበት። ብርሃን ሲያርፍባቸው ከእያንዳንዱ መስመር ይዘረጋል። ከየመስመሩ የመጣው ሞገድ እኩል ከተራመደ ይደምቃል፣ ካልሆነ ይጠፋፋል። ሐምራዊ የሚገጥመው ከመሀል ቀረብ ብሎ ነው፣ ቀይ ራቅ ብሎ። ለዚያ ነው የሚለያዩት።»

«እንደ ጭብጨባ በይኛ። እኩል ካጨበጨቡ ቤቱን ያናጋል፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ትርምስ ነው።»

«አዎ። መስመሮቹን ሰው ከፈተጋቸው ደግሞ…» ጽድት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጭብጨባው ይበላሻል።»

እናቷ አየት አደረገቻት። ቁልፎቿን ወደ ቆርቆሮ ገልብጣ ሲዲውን ሰጠቻት። ጽድት እናቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ሲዲው ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ስትስብ ብርማው ልባስ ተላጦ መጣ፤ ከሥሩ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቀረ። ቆርጣ በካርቶን ፍሬም አስገባችው። በመሀሉ ወደ አምፖሉ ስታይ ቀለማቱ ከነሙሉ ሰልፋቸው ተመልሰዋል። ይህን ከሰጠኋቸው ረጅሟን ይምሯታል፣ እኔም ምንም መናገር አይጠበቅብኝም አለች በልቧ።

በማግሥቱ ሁሉም እንዳሰበችው ሆነ። መምህሩ በመስኮቱ በኩል አዩበትና ፈገግ አሉ። «ግሩም ነው! ለክፍል ትምህርት ይበቃናል። በይ፣ ረጅሟም ሐሙስ ትፈተን።» ወደ ረጅሟ ዞሩ። «እንዲህ ያለ ጓደኛ ስላለሽ አመስግኚ። ያንቺን ጥፋት እሷ ካሰች።»

ረጅሟ አንገቷን ደፍታ «አመሰግናለሁ» አለች፤ የምሯን ነበር። ጽድት ይህን መቻል አቃታት።

«ቲቸር፣ የጠረግሁት እኔ ነኝ። በሹራቤ። እሷ አልነካችውም፤ እኔን ለማዳን ነው።»

ረጅሟ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት፤ ግን ነገሩ አፈትልኮ ወጥቷል። መምህሩ ፕላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ሐሙስ ቆመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ» አሉ።

«እሺ ቲቸር።» ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አንደኝነቷ አለቀለት። ቢሆንም ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

«አንቺ ጅል!» አለቻት ረጅሟ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። ፕላስቲኩን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረገችና በአውራ ጣቷ መሀሉን ጨብጣ ወደ መስኮቱ አነሳችው። «ውይ፣ ሲያምር! እስኪ እዪው።»

ጽድት ተቀብላ በጠርዙ ያዘችው። ከቀለማቱ መሀል የረጅሟ አውራ ጣት አሻራ ወዝቶ ተጋድሟል። እጇ ሳታዘው የሹራቧን እጅጌ መጎተት ጀምሮ ነበር።

እጅጌውን ለቀቀችና በአሻራው ውስጥ ወደ ብርሃኑ አየች።