የዋይፋዩ ሌባ

«ሄሎ... ይሰማል? ሄሎ!»

ሚጡ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ ተከታታይ ድራማዋን ስታይ የእህቷን ድምፅ ሰምታ ተነሳች። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የሦስቱ ጠያቂዎች ፊት ላፕቶፑ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ወዲያው ጥሪው ተቋረጠ። እህቷ ለዚህ የነርስነት ቃለ መጠይቅ ሁለት ወር ስትዘጋጅ ከርማለች። አሁን የጠቆረውን ስክሪን ደጋግማ ትነካካለች።

«መስመሩን የጨረሰችው ይቺ ልብስ ሰፊ ናታ!» አለ ከኋላዋ የመጣው አባቷ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው የስፌት ቪዲዮ እንድታይበት የዋይፋዩን ፓስወርድ የሰጣት ራሱ ነበር። «በገዛ እጄ!» ብሎ ወዲያውኑ ቀየረው።

በማግስቱ ሚጡ የድራማውን አፕ ስትከፍት መልእክት መጣ፦ «ትናንት ለ214 ተመልካቾች ቪዲዮ አካፍለዋል። እናመሰግናለን!»

ግራ ገብቷት ነካችው። አፑ ለካ ቪዲዮውን ቆራርጦ ከአንዱ ተመልካች ስልክ ወደ ሌላው ነው የሚያደርሰው። እሷ ድራማዋን ስታይ ስልኳ ያንኑ ለማታውቃቸው ሰዎች ሲልክ ነበር። ስትጭነው «ምስሉ እንዲጠራ ማካፈልን ይፍቀዱ» ሲላት ሳታነብ «እስማማለሁ» ብላለች። ብዙውን የላከው ደግሞ ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ልክ በቃለ መጠይቁ ሰዓት። ዋይፋዩን ያጣበበው የሷው ስልክ ነበር።

ማካፈሉን አጠፋችው። «በቃ፣ ማንም አላወቀም» አለች ለራሷ። ምሳ ግን አልበላ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ የዩኒፎርም ጉርዷን እንድታመጣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ላከቻት። ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አቆመች።

«ሚጡዬ፣ ዋይፋዩ እምቢ አለኝ። አባትሽን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። እናትሽም ትናንት ሰላም ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ምን አጠፋሁ?»

«እኔንጃ፣ እትዬ» አለች ሚጡ።

«ብቻ እህትሽ ተሳካላት? ያን ቀን መስመር እንዳልሻማት ብዬ ስልኬን ሳይቀር አጥፍቼላት ነበር።»

ሴትዮዋ ጉርዱን በጥንቃቄ አጥፋ አቀበለቻት። «ወገቡን ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ፤ እያደግሽ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ሚጡ ያን ፈገግታ ቀና ብላ ማየት አቃታት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

«አባዬ፣ ጫማህን አድርግ። ልብስ ሰፊዋ ጋ እንሂድ።»

«ደግሞ ምን አደረገች?»

«እሷ ምንም አላደረገችም።» ጉርዱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «እህቴም ትምጣ፣ እማዬም። ሁላችሁም ባላችሁበት አንዴ ካልተናገርኩት፣ ሁለተኛ የምናገርበት ድፍረት የለኝም።»

አባቷ ጋዜጣውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።